ዓረብኛ ከማድ ቤት ወይስ ከክፍል?

ሊባኖስ እንደገባችሁ ከምትጠይቁን አንዱ "ቋንቋውን በየት ልማር?" የሚል ነው። ሰው ቤት መዋል ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ያለ አስተማሪ አይሆንም የሚሉም አሉ። እኛ ሁለቱም ያስፈልጋሉ እንላለን፤ ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

ቤቱ ጆሮን ያለማምዳል። ቀኑን ሙሉ ስለምትሰሙ ቶሎ ትይዛላችሁ። ዓረብኛና አማርኛም ዘመዳሞች ናቸው፤ ቤት "ቤት"፣ ደም "ደም"፣ ስም "ኢስም" ይባላል። ዝምድናው ግን ያሳስታልም። በዓረብኛ "ኀምሴ" አምስት እንጂ ሃምሳ አይደለም፤ ሃምሳ "ኀምሲን" ነው። ስለ ደመወዝ ስትነጋገሩ ይህን አትርሱ።

ሆኖም ቤቱ አብዝቶ የሚያስተምረው ትእዛዝን ነው። "ታዒ"፣ "ጂቢ"፣ "ነዲፊ" ማለት ነይ፣ አምጪ፣ አጽጂ ማለት ነው፤ ሁሉም ለሴት የሚነገር ነው። እንደሰማችው የያዘች እኅት ሚስተሩንም "ጂቢ" ትለዋለች፤ "አመጣለሁ" ስትልም "አና ጂቢ" ትላለች። ይህ ስንፍና አይደለም። የቋንቋ ተመራማሪዋ ፊዳ ቢዝሪ በሊባኖስ የስሪላንካ ሠራተኞች የሚናገሩትን ዓረብኛ አጥንተው "ፒጂን ማዳም" ብለውታል፤ ከማዳም ትእዛዝ የተወለደ ነውና። መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል።

ክፍል የሚሰጠው ቤቱ የነፈገውን ነው፤ "እኔ" ብሎ መናገርን፣ መጠየቅን፣ እምቢ ማለትን። "ቢዲ" እፈልጋለሁ፣ "ማ ፍህምት" አልገባኝም፣ "አና መሪዳ" አሞኛል፣ "ኤምታ መዓሺ?" ደመወዜ መቼ ነው? እነዚህን አዝዞ የሚያስተምራችሁ የለም። ፊደሉም 28 ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። በዓረብ አኃዝ አምስት ክብ ሆኖ ዜሮ ይመስላል፤ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ ነው። ይህን ያወቀች ሴት በውሏ ላይ የተጻፈውን ደመወዝ ራሷ ታነባለች።

ክፍሉም ጉድለት አለው። መጽሐፉ "ኡሪዱ" ሲል ሰፈሩ "ቢዲ" ይላል። ስለዚህ አስተማሪያችሁን የሚነገረውንም ጠይቁ።

ለመውጣት ያልተፈቀደላችሁ እኅቶች ደግሞ ደብተር ያዙ። የሰማችሁትን ትእዛዝ በፊደላችን ጻፉ፤ ከጎኑ "እኔ" ሲባል እንዴት እንደሚሆን የቆየች ጓደኛችሁን በስልክ ጠይቃችሁ ሙሉ። በቀን አንድ ቃል ይበቃል። የታዘዙበትን ቋንቋ መልስ ለመስጫም ማድረግ ይቻላል።