የናፍጣ መኪና የጥላሸት ማጣሪያ ሲደፈን

ጥላሸትና አመድ ከአንድ ምድጃ የሚወጡ ቢሆኑም ጠባያቸው የተለያየ ነው። ጥላሸት በሚገባ ሳይቃጠል የቀረ ካርቦን ስለ ሆነ በድስት ቂጥ ላይ ተለጥፎ የከረመው እንኳ ብርቱ እሳት ቢያገኝ ነድዶ ይጠፋል። አመድ ግን የቃጠሎ ፍጻሜ ነውና እሳት ከእንግዲህ ምንም አያደርገውም። ይህን ልዩነት ልብ በሉ፤ በዘመናዊ የናፍጣ መኪና ላይ ከሚደርሱት ችግሮች አንዱን ለመረዳት ዋናው ቁልፍ ይኸው ነው።

የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላው በሚሰጠው የእሳት ብልጭታ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያሳየው ሞተር ግን ብልጭታ አያስፈልገውም። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር አጥብቆ ሲያምቀው አየሩ እጅግ ይግላል፤ በዚህ አየር ውስጥ የተረጨው ናፍጣም በራሱ ይቀጣጠላል። ይህ አሠራር ነዳጅ ቆጣቢ ነው። ይሁን እንጂ ናፍጣው ከአየሩ ጋር በደንብ ለመደባለቅ ጊዜ ስለማያገኝ አየር ባጠረበት ስፍራ ጥላሸት ይፈጠራል።

ይህ ጥላሸት በኩሽና ጣሪያ ላይ እንደምናየው ያለ አይደለም። ብናኞቹ አብዛኞቹ ከ1 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያነሱ ስለ ሆኑ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያግዳቸው እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይዘልቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያስከትል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2012 አረጋግጧል። በአውሮፓ ማጣሪያ የተገጠመለት የቤት መኪና በፋብሪካ ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው ቀደም ብሎ በ2000 ሲሆን፣ እርሱም ፔጆ 607 ነበር። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አዲስ የናፍጣ መኪና በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ ከ5 ሚሊግራም በላይ ብናኝ እንዳያወጣ ስላዘዘ ማጣሪያው የማይቀር ዕቃ ሆነ።

ማጣሪያው ጭሱ ወደ ማርሚታው ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት የብረት ቋት ነው። በውስጡ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል፣ እንደ ማር እንጀራ በቀጫጭን ቦዮች የተሞላ የሸክላ ጡብ አለ። እያንዳንዱ ቦይ በአንድ ጫፉ ክፍት፣ በሌላው ድፍን ነው፤ የጎረቤቱ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ የገባው ጭስ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ሰርጎ ወደሚቀጥለው ቦይ ይሻገራል፤ ጥላሸቱም በግድግዳው ላይ ይቀራል። ጠላ በጨርቅ ሲጠለል አይታችሁ እንደ ሆነ አተላው እየበዛ ሲሄድ ጠላው መውረዱን ትቶ ይንጠባጠባል። የጠላው ጨርቅ ይራገፋል፤ ይህ ማጣሪያ ግን በየቀኑ ሊፈታ ስለማይችል የያዘውን ጥላሸት እዚያው እንዲያቃጥል ተደርጎ ተሠርቷል።

መኪናው በረጅም መንገድ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ጭሱ እጅግ ስለሚግል ጥላሸቱ ቀስ በቀስ ይነዳል። ይህ ካልበቃ የሞተሩ ኮምፒዩተር ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት አነጻጽሮ መጠራቀሙን ያውቃል፤ ጥቂት ትርፍ ናፍጣ በማስረጨትም የማጣሪያውን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርሰዋል። ቃጠሎው እስኪፈጸም ድረስ ግን ሞተሩ መጥፋት የለበትም።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በለንደን ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ከገበያ ደርሶ በዝግታ የሚመለሰው ሰው መኪናውን የሚንከባከብ ይመስለዋል። ማጣሪያው ግን አንድም ቀን በሚገባ ሳይግል ይውላል፤ የተጀመረውም ቃጠሎ በየጊዜው ይቋረጣል። ሳይቃጠል የቀረው ትርፍ ናፍጣ ደግሞ በሲሊንደሩ ግድግዳ እየወረደ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይደባለቃል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ዘይቱ ጨምሮ ብታገኙት ደስ አይበላችሁ፤ ቀጥኗል ማለት ነውና መቀየር አለበት።

የማጣሪያው መብራት በመሪው ፊት ለፊት በርቶ የመኪናው ጉልበት ግን ካልቀነሰ መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ መንዳት ነው። በመኪናው መምሪያ መሠረት በአውራ ጎዳና ላይ፣ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ መጓዝ ይበቃል። በዚህ ጊዜ የጭስ መውጫው እሳት ያህል ስለሚግል በደረቅ ሣር ላይ ማቆም አደገኛ ነው። መብራቱ አልጠፋ ካለ ወይም ሞተሩ ከደከመ ግን መንዳቱን ትቶ መካኒክ መጥራት ይገባል። መካኒኩ በኮምፒዩተር አዝዞ ቃጠሎውን ሊያስጀምር ይችላል፤ ሆኖም እጅግ የበዛ ጥላሸት በአንድ ጊዜ ሲነድ ሸክላውን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ማጣሪያውን ፈትቶ ማጽዳት የሚሻልበት ጊዜ አለ። ከሁሉ በፊት ግን የተደፈነበት ምክንያት መታወቅ አለበት። ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ ወይም የተበላሸ የግፊት መለኪያ ካልተጠገነ የጸዳው ማጣሪያ ብዙም ሳይቆይ ይደፈናል። ይህን ሳይመረምር ማጣሪያውን ብቻ አጥቦ ሂሳብ የሚቀበል መካኒክ ሥራውን ፈጸመ ለማለት አይቻልም።

አመዱስ? በሞተር ዘይት ውስጥ ያሉት እንደ ካልሲየምና ዚንክ ያሉ ማዕድናት ሲቃጠሉ ጥቂት አመድ ይተዋሉ። ይህ ለዓመታት ይጠራቀማል፤ የቱንም ያህል ቢነዱት አይጠፋም። አምራቹ ያዘዘውን አመደ ጥቂት ዘይት መጠቀም ዕድሜውን ያስረዝማል፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ማጣሪያው ወጥቶ በአየር ወይም በውኃ ይጸዳል፣ አለዚያም ይለወጣል።

አዲስ ማጣሪያ ውድ ስለ ሆነ ቋቱን ቀድደው ሸክላውን ካወጡ በኋላ መልሰው የሚበይዱ አሉ። መኪናው ጉልበት ያገኛል፤ ቋቱ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ብናኙም ደቃቅ ስለ ሆነ ዓይን ላያየው ይችላል። በብሪታንያ ከየካቲት 2014 ጀምሮ ማጣሪያው የወጣለት መኪና ዓመታዊ ምርመራውን ያልፍ ዘንድ አልተፈቀደም፤ ነገር ግን ባዶውን ቋት በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ቤልጂግ ከሐምሌ 2022፣ ሆላንድ ከጥር 2023፣ ጀርመንም ከሐምሌ 2023 ጀምረው በጭስ መውጫው ጫፍ ላይ መሣሪያ እያስገቡ ብናኙን መቁጠር ያዙ። በጀርመን ዩሮ 6 በተባለው ደረጃ የተሠራ የናፍጣ መኪና በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ጭስ ውስጥ ከ250,000 የበለጠ ብናኝ ከተገኘበት ወደ ጋራዥ ይመለሳል።