ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ሰብሎች

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በደብረ ኤልያስ ወረዳ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ጎን ለጎን ቢዘሩም በአረባባቸው ጠባይ ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው። ጤፍና ስንዴ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ፣ ማለትም የወንዴው ብናኝ እዚያው አበባ ውስጥ ባለው የሴቴ ክፍል ላይ አርፎ ፍሬ የሚያሲዝባቸው ሰብሎች ሲሆኑ፣ በቆሎ ግን ወንዴ አበባውን ከአናቱ፣ ሴቴውን ከወገቡ ላይ ለያይቶ ስለሚይዝ ብናኙን ነፋስ እያነሳ ከጎረቤት እሸት ፀጉር ላይ ያሳርፈዋል።

ይህ ልዩነት በዘር ላይ የሚያስከትለውን ለመረዳት፣ ተክል ዘረመሉን በጥንድ፣ አንዱን ከእናት ሌላውን ከአባት፣ እንደሚወርስ ማወቅ ያሻል። ጥንዶቹ የተለያዩ ሲሆኑ ደካማው ብዙውን ጊዜ በብርቱው ተሸፍኖ ጉዳቱ ሳይታይ ይኖራል። ተክሉ ራሱን ባዳቀለ ቁጥር ግን የተለያዩት ጥንዶች በአማካይ በግማሽ እየቀነሱ፣ ከ100 ወደ 50፣ ከ50 ወደ 25 እየወረዱ፣ በ6ኛው ትውልድ 1.6 ከመቶ ያህል ብቻ ይቀራሉ፤ ተሸፍኖ የኖረውም ድካም ይገለጣል።

ለበቆሎ ይህ መከራ ነው። ደጋግሞ ራሱን እንዲያዳቅል የተደረገ በቆሎ ቁመቱ ያጥራል፣ ምርቱም ያሽቆለቁላል፤ ሊቃውንት የዝምድና ርቢ ድቀት የሚሉት ይህንኑ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሸል እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳየው ደግሞ፣ እንዲህ የደከሙ ሁለት ንጹህ መስመሮች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ልጃቸው ከሁለቱም በልጦ እንደሚገኝ ነው። ከባኮ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ድቅል በቆሎም በዚሁ ብርታት ላይ የቆመ ነው።

ጤፍ በአንጻሩ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ራሱን ሲያዳቅል ስለኖረ፣ ጎጂ ዘረመሎቹ እየተገለጡ በመረጣ ተጠርገውለታል፤ ስለዚህ ድቀቱ እምብዛም አይነካውም። ራሱን ማዳቀሉ ያስከተለው ችግር የገበሬው ሳይሆን የተመራማሪው ነበር፤ ሁለት ዝርያዎችን ለማዳቀል በዓይን ለማየት ከምታዳግት አበባ ውስጥ ሦስቱን የወንዴ ከረጢቶች ብናኛቸውን ሳያፈስሱ በማጉያ መነጽር እያዩ ማውጣት ያስፈልጋል። የጤፍ ተመራማሪው ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አበባዋ ማለዳ ላይ ለጥቂት ጊዜ እንደምትከፈት ደርሰውበት መንገዱን ከፈቱ። ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያም ምርታማውን የዱከም ዝርያ ከነጩ ማኛ ጋር በማዳቀል፣ ልጆቹንም ለብዙ ትውልድ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያዳቅሉ በማድረግ የተገኘ ነው።

እንዲህ ያለው የዘር ንጹህነት ግን የራሱ ዕዳ አለው። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን በሽታ ያገኘውን መንገድ በሁሉም ላይ ያገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች የመታው እንዲህ ነው። በጎጃም በሰፊው የሚዘራው ኑግ ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ የራሱን ብናኝ ስለማይቀበል ንብ ከሌላ ተክል ካላመጣችለት ፍሬ አይዝም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የቁንጮ ዘር ከሌላ ጤፍ እንዳይቀላቀል ከተጠበቀ ገበሬው ከራሱ ምርት ላይ ለዓመታት ቀንሶ መዝራት ይችላል። ከድቅል በቆሎ ማሳ የተቀመጠ ዘር ግን ወንድምና እህት የሆኑ ተክሎች ተዳቅለው የሰጡት ስለሆነ ከፊል ብርታቱን አጥቶ ይወጣል፤ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት የነጋዴ ብልሃት ቢመስልም ምክንያቱ የበቆሎው ተፈጥሮ ነውና፣ አቅም ያለው ገበሬ ድቅል በቆሎን ከጎተራው አውጥቶ ባይዘራ ይመረጣል።