የመንፉሃ ሌሊት
ክፍል 6

ድንጋዩ የሰይድን ግንባር ከቀኝ ቅንድቡ በላይ ተርትሮታል። እትዬ ጦይባ ሻርፏን አጣጥፋ ቁስሉን ብትይዘውም ደሙ በጣቶቿ መሃል እየሾለከ ምንጣፉን ያርሳል። ቅዳሜ ጥቅምት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ሪያድ፣ መንፉሃ ሰፈር። ከታች የብረቱ በር ይደበደባል። ዱላና ገጀራ የያዙ ሸባቦች፣ የሰፈሩ ጎረምሶች ናቸው።

«ፖሊስ እንጥራ» አለች አበባ።

«ሹርጣ?» ሰይድ ዓይኑን ሳይገልጥ መለሰላት። «ሹርጣው ሲመጣ መጀመሪያ ማንን የሚይዝ ይመስልሻል፣ እህቴ? እነሱን ነው ወይስ አንቺን?»

አበባ ዝም አለች። የሰው ቤት ጥላ የወጣች ዕለት ከፊሏ፣ ያስመጣት አሠሪ፣ «ጠፍታለች» ብሎ ሁሩብ አስመዝግቦባታል። ከዚያ ወዲህ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሞተ ወረቀት ነው፤ የትም ብትያዝ መጨረሻዋ የተባራሪዎች ማቆያው ተርሂል ነው። ፓስፖርቷም እዚያው ቤት ቀርቷል። ደላላው አዲስ አበባ ላይ ሃይማኖቷንም ስሟንም ቀይሮ «ዘይነብ» ብሎ ያስወጣላት ፓስፖርት ነው። ያንን ስም መንፉሃ ውስጥ ለማንም ተናግራው አታውቅም፣ ለእትዬ ጦይባ እንኳ።

ሰይድስ ቢሆን? ኢቃማው ገና አልተቃጠለም። ግን ከፊሉ ያለው ደማም ከተማ ነው፣ እሱ ደግሞ ሪያድ ግንባታ ላይ ይሠራል። በ2005 ዓ.ም. የተሻሻለው የሳውዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 39 ከራሱ ከፊል ውጭ የሚሠራን ሠራተኛ ይዞ የማባረሩን ሥራ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰጥቷል። ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ ወረቀት ለማስተካከል የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አንዴ ተራዝሞ ጥቅምት መጨረሻ ላይ አለቀ። ከሰኞ ጥቅምት 25 ጀምሮ ፍተሻው የፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ የጀዋዛት ብቻ አይደለም፤ ተራው ፖሊስም ገብቶበታል።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አንድ አገር ድንበሩን መጠበቁን፣ ኢቃማ መጠየቁን አልቃወምም። ነገር ግን ድንጋይ ወርዋሪውን የሚይዘውና ወረቀት የሚፈትሸው አንድ ሰው ከሆነ፣ የተደበደበው አቤት የሚልበት ደጅ ያጣል። ደብዳቢውም ይህን ያውቃል፤ በሩን እንዲህ በድፍረት የሚመታው ማንም እንደማይደውልበት እርግጠኛ ስለሆነ ነው። በዚያ ሰሞን መንፉሃ ውስጥ ወገኖቻችን ተገድለዋል።

የአበባ ስልክ ጮኸ። ታላቅ እህቷ ናት፣ ከሎስ አንጀለስ።

«አበቡዬ! ፌስቡክ ላይ ያየሁት እውነት ነው? የት ነሽ?»

«ቤት ነኝ፣ እታለም። በሩን ሊሰብሩት ነው።»

«ታዲያ ለፖሊስ አትደውይም እንዴ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ወረቀት የለኝማ።»

«እኔስ መቼ ነበረኝ? ቦርሳዬን የቀሙኝ ጊዜ ደውዬ ፖሊሱ የጠየቀኝ ምን እንደወሰዱብኝና ሌባው ምን እንደሚመስል ነው። ወረቀት አለሽ ወይ አላለኝም።»

እውነቷን ነው። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የሰውን የመኖሪያ ፈቃድ ለማጣራት ብሎ ማንንም እንዳያስቆም እ.ኤ.አ. በ1979 በራሱ መመሪያ ተከልክሏል። መመሪያው የወጣው ለስደተኛው በማዘን ብቻ አይደለም፤ ምስክርና ተበዳይ ከፖሊስ ከሸሸ ወንጀለኛ እንደማይያዝ ላወጡት ሰዎች ስለገባቸው ጭምር ነው።

ከታች ብረት ሲጣመም ተሰማ።

«ደውይ» አለች እትዬ ጦይባ ድንገት። «ይህ ልጅ እጄ ላይ ከሚሞት ተርሂል ብገባ ይሻለኛል።»

አበባ 999 መታች። ወዲያው ተነሣ። በተሰባበረ ዓረብኛዋ ተናገረች፦ መንፉሃ፣ ሸባብ፣ ገጀራ፣ የተጎዳ ሰው አለ። ሰውየው አላቋረጣትም። ስትጨርስ ግን የጠየቃት ስለ ሰይድ አልነበረም።

«የኢቃማ ቁጥርሽ ስንት ነው?»

ስልኩን ዘጋችው። ስሟን አልነገረችውም፤ የቤቱን አድራሻም አልነገረችውም።

ደቂቃም አልሞላ፣ የበሩ ድብደባ ቀጥ አለ። ሦስቱም ተያዩ። ከደረጃው ሥር የመኪና ሞተር ሲጠፋ ሰሙ፤ ከዚያ ከባድ ጫማ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። አንድ ሰው አይደለም። ኮቴው ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ በሩም በዝግታ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

«ሹርጣ ነን፣ ክፈቱ» አለ አንድ ድምፅ።

አበባ እጇን ወደ መቀርቀሪያው ስትሰድ፣ ከኋላው ሌላ ድምፅ ተከተለ፤ የወጣት ድምፅ፣ ያለ ምንም ጥድፊያ፦

«ዘይነብ፣ እዚህ እንዳለሽ አውቃለሁ።»

(ይቀጥላል)