የፖለቲካ ጣልቃ ገብነት በሲቪል ሰርቪሱ የሥራ አፈጻጸም ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

የሲቪል ሰርቪሱ ተቀዳሚ ተግባር መንግሥት ያወጣቸውን ፖሊሲዎች ማስፈጸምና ለዜጎች ያለ አድልዎ አገልግሎት መስጠት ነው። የፖለቲካ አመራሩ አቅጣጫ ማስቀመጡና አፈጻጸምን መከታተሉ ሕጋዊ ኃላፊነቱ እንጂ ጣልቃ ገብነት አይደለም። ጣልቃ ገብነት የሚባለው የአንድ ሰው ቅጥር፣ የደረጃ ዕድገት ወይም የፈቃድ ጥያቄ በሕግ ከተቀመጠው መስፈርት ውጭ በቃል ትእዛዝ ወይም በስልክ እንዲወሰን ሲደረግ ነው።

ይህ አሠራር የሥራ አፈጻጸምን በሦስት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ የሥራ መደብ በችሎታ ሳይሆን በወገንተኝነት ሲያዝ የአገልግሎት ጥራት ይወርዳል። ሁለተኛ፣ አመራር በተለወጠ ቁጥር ነባር ባለሙያዎች ከተነሡ ተቋሙ ያካበተው ልምድ አብሯቸው ይወጣል። ሦስተኛ፣ መመሪያው ግልጽ ሆኖ ሳለ ባለሙያው የበላይ ኃላፊን ፈቃድ ስለሚጠብቅ ውሳኔ ይዘገያል፤ ባለጉዳዩም «ነገ ይመለሱ» እየተባለ ይጉላላል።

ችግሩ በአንድ አገር የተወሰነ አይደለም። በአሜሪካ የመንግሥት ሥራ ምርጫ ላሸነፈው ፓርቲ ደጋፊዎች ይታደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ የጠየቀውን ሹመት ባላገኘ ግለሰብ በጥይት ተመትተው ሕይወታቸው አለፈ። በ1883 የጸደቀው የፔንድልተን ሕግ በተወሰኑ የሥራ መደቦች ላይ ቅጥር በውድድር ፈተና እንዲሆን አደረገ፤ ሽፋኑም ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄደ።

በኢትዮጵያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም በሥራ ፈላጊዎች መካከል በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት ልዩነት ማድረግን ከልክሎ ነበር።

የሕግ ድንጋጌ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ የተገልጋዩም ንቁ ተሳትፎ ያስፈልጋል። ማንኛውም ተገልጋይ፦

• የሚፈልገው አገልግሎት ቅድመ ሁኔታዎችና የተቀመጠለት ጊዜ በተቋሙ የዜጎች ቻርተር ምን እንደሆኑ አስቀድሞ ቢያረጋግጥ፤
• ጥያቄው ውድቅ ሲሆን ምክንያቱና የተመሠረተበት መመሪያ በጽሑፍ እንዲገለጽለት ቢጠይቅ፤
• ቅሬታውን በቅድሚያ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ቢያቀርብ፤
• መፍትሔ ካላገኘም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታውን በቃል ወይም በጽሑፍ፣ ያለ ክፍያ ቢያቀርብ መብቱን ያስከብራል።

በጽሑፍ የሰፈረ ምክንያት ሊመረመር ይችላል፤ በስልክ የተላለፈ ትእዛዝ ግን ተጠያቂ አያስገኝም። ስለዚህ ተገልጋዩ ምላሹን በጽሑፍ መጠየቁ የራሱን ጉዳይ ከማስጠበቅ አልፎ በሕግ ብቻ ለመሥራት የሚተጋውን ባለሙያም ይደግፋል።