ቻኩ አልላቀቅ ሲል

ወደ ቶርኖ ቤታችን ከሚመጡ ሥራዎች መካከል ባለቤቱን በጣም አናድዶት የሚመጣ አንድ አለ፤ ከአርበሩ አልላቀቅ ያለ የትራፓኖ ቻክ። ብየዳ የለበትም፣ ቡሎን የለበትም፣ የተሰበረም ነገር የለም። ሁለት ብረት ተያይዞ እንቢ ማለቱ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግን መዶሻ ቀምሷል፣ በቧንቧ ተጠምዝዟል፣ ዘይት ጠጥቶ አድሯል።

የቁም ትራፓኖ ላይ ፑንታውን በሦስት መንጋጋ ነክሶ የሚይዘው ቻክ ነው። ቻኩን ከማሽኑ የሚያገናኘው ደግሞ አርበር የምንለው፣ ሁለት ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ዘንግ ነው። ረጅሙ ጫፍ ማሽኑ ስፒንድል ውስጥ ይገባል፤ አጭሩ ጫፍ የቻኩ ጀርባ ውስጥ። በብዛት በምናገኘው አርበር ላይ ሾጣጣው በየ20 ሚሊሜትሩ 1 ሚሊሜትር ያህል ይቀጥናል። ከመሃል መስመሩ ሲለካ አንድ ዲግሪ ተኩል አይሞላም። ደረቅ ብረት በብረት ላይ ተቀምጦ በራሱ መንሸራተት የሚጀምረው ግን ቢያንስ ወደ 8 ዲግሪ ሲያዘነብል ነው። ስለዚህ አንዴ ገፍተው ያስገቡት ሾጣጣ ካልገፉት በቀር ወደ ኋላ አይመለስም። አሜሪካዊው ስቲፈን ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ካወጣው ጊዜ ጀምሮ ስሙ እስከ ዛሬ በየማሽኑ ላይ የሚጠራው በዚህ ብልሃቱ ነው። በዚያ ላይ ትራፓኖው በበሳ ቁጥር አርበሩ ወደ ቻኩ ጠልቆ ይገባል። እንግዲህ ማሽኑ ዓመታት ሲሠራ ቻኩ ዓመታት ሲጠብቅ ነው የኖረው። ዝገት ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው።

በቅርቡ አንድ በር ሠሪ ወጣት ቻክና አርበር በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ።

«ጋሼ፣ ዘይት አጠጥተነው አደረ፤ ወይ ፍንክች!»

«ከሁለቱ የትኛውን ነው የምትፈልገው?» አልኩት።

«ቻኩስ ይጣላል፣ መንጋጋው አልቋል። አርበሩን ነው።»

ጨርቁን ስገልጠው ቻኩ ላይ ጭረት እንኳ የለም። በሞርሳ ሲያስሩት እንዳይጎዳ በላሜራ ሸፍነውታል። መዶሻው ያረፈው አርበሩ ላይ ነው፤ በረጅሙ ሾጣጣ ጎን ሦስት ቦታ ተሰርጉዶ፣ የስርጉዱ ዳርና ዳር ከንፈር አውጥቷል። የሚጣለውን ተንከባክበው የሚፈለገውን ቀጥቅጠዋል ማለት ነው።

ለዚህ ነው የተጣበቀ ቻክ ሲመጣልኝ መዶሻ ከማንሳቴ በፊት ሁለት ነገር የምጠይቀው። የትኛውን ነው የምናድነው? ጉልበቱስ በየት በኩል ነው የሚሄደው? አርበሩ ርካሽ፣ ቻኩ ውድ ከሆነ አርበሩ ይሠዋል። ቻኩ ያለቀ ከሆነ በሴጌቶ ተቆርጦም ቢሆን አርበሩ ይድናል። ሁለቱም ይፈለጉ ከሆነ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የጉልበቱ መንገድ ግን በሦስቱም ሁኔታ አንድ ነው፤ በዘንጉ መስመር ቀጥታ። ከጎን የተመታ ሾጣጣ አይላቀቅም፤ ይጎብጣል። መጠምዘዝም ፋይዳው ትንሽ ነው፤ ገጽታውን ይቧጭራል እንጂ ወደ ኋላ አይገፋም።

መጀመሪያ አርበሩን ከነቻኩ ከማሽኑ ማውጣት ነው። ስፒንድሉ ጎን ላይ ባለው ቀዳዳ ጠፍጣፋውን ማውጫ ሽብልቅ አስገብቶ መታ ማድረግ ይበቃል፤ ከሥር እጅ ወይም ጣውላ ይያዝለት። ማሽኑ ላይ እንዳለ ቻኩን መቀጥቀጥ ግን የስፒንድሉን ኩሽኔታ መቀጥቀጥ ነው። ዛሬ ቻኩ ቢወጣም ነገ ትራፓኖው እየጮኸ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጥንድ ሽብልቅ ነው። ሁለቱም እንደ ሹካ መሃላቸው የተሰነጠቀ፣ ከአንድ ወገን ወፍረው ወደ ሌላው የሚሳሱ ናቸው። በቻኩ ጀርባና በአርበሩ ትከሻ መካከል ባለው ክፍተት፣ አንዱ ከቀኝ ሌላው ከግራ ዘንጉን ታቅፈው ይገባሉ። አንዱ ሲወፍር ሌላው ስለሚሳሳ የሁለቱ የውጭ ፊት ትይዩ እንደሆነ ይቆያል፤ ግፊቱም ከዙሪያው እኩል በዘንጉ መስመር ይሄዳል። አንድ ሽብልቅ ብቻ ከአንድ ጎን ቢገባ ግን ቻኩን ያጋድላል፤ ይበልጥ ያጣብቀዋል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ሮንዴላ ሰንጥቆ መደረብ ይቻላል። ሁለቱን ሽብልቆች ዳርና ዳር በሞርሳ መንጋጋ ይዤ አጠብቃለሁ። መዶሻም ይሠራል፤ ነገር ግን ጠንካራ ብረት በጠንካራ ብረት ሲመታ ስንጣሪ ይረጫል፣ መነጽር ግድ ነው። የወጣቱን ቻክ የሞርሳውን እጀታ ጥቂት እንዳዞርኩ ጧ ብሎ ጨርቁ ላይ ወደቀ።

እንቢ ካለ ሙቀት ይረዳል፤ በልኩ ከሆነ። ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ የሞቀ 16 ሚሊሜትር የብረት ቀዳዳ ከአንድ መቶኛ ሚሊሜትር ጥቂት ብቻ በልጦ ነው የሚሰፋው። ትንሽ ቢመስልም በዚህ ሾጣጣ ላይ ሩብ ሚሊሜትር ወደ ኋላ እንደመሄድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የፈላ ውኃ ይበቃል። ሽብልቁን አጥብቆ ይዞ ቻኩ ላይ ብቻ ቶሎ ማፍሰስ ነው፤ አርበሩም አብሮ ከሞቀ ትርፉ የለም። በኦክሲጅን ችቦ ማንደድ ግን ግራሶውን ያቃጥላል፣ የመንጋጋውን ጥንካሬም ይገድላል።

ይህም ካልሆነ መንጋጋውን ከፍቶ ወደ ውስጥ ማየት ነው። የብዙ ቻኮች መሃል ለስላሳ ነው፤ በፑንታ ይበሳል። ከዚያ ቻኩን በጀርባው አካሉ ላይ አስደግፎ አርበሩን በፕሬስ ከውስጥ መግፋት ይቻላል። ጥርሳሙን የውጭ ቀለበት ግን መደገፊያ አታድርጉት፤ ተገፍቶ የገባ ስለሆነ ይወጣል።

የእጅ ድሪል ነገር ሌላ ነው። የእሱ ቻክ በብዛት በጥርስ የታሰረ ሲሆን፣ ወደ ኋላም በሚዞር ድሪል ላይ መንጋጋው ውስጥ ወደ ቀኝ ሲዞር የሚፈታ ትንሽ ቡሎን አለ። ይህን ሳያዩ ሽብልቅ መንዳት ድሪሉን መስበር ነው።

ማውጣቱ ከተሳካ በኋላ ብዙ ሰው የሚሸወደው አዲስ ቻክ ሲገዛ ነው። ገበያ ላይ ቢ16 እና ጄቲ33 የሚባሉ ሾጣጣዎች ጎን ለጎን ይሸጣሉ። የቢ16 ወፍራም ጫፍ 15.73 ሚሊሜትር፣ የጄቲ33 ደግሞ 15.85 ሚሊሜትር ነው። በዓይን አይለዩም፤ እጅ ላይም የሚገጥሙ ይመስላሉ። የአቀጣጠናቸው ልክ ግን የተለያየ ስለሆነ የሚነካኩት በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። ፑንታው ይወዛወዛል፤ ባለቤቱ «አልገባም» ብሎ ይመታዋል፣ ሁለቱም ይበላሻሉ። ቁጥሩ አርበሩ ላይና ቻኩ ጀርባ ላይ ተቀርጿል፤ ሳታነቡ ገንዘብ አትክፈሉ።

ሲገጠምም ሾጣጣውን በቤንዚን አጥቦ ማድረቅ ነው፤ የሚይዘው ደረቅ ብረት ነውና ዘይት አይቀባም። የመንጋጋው ጫፍ ወደ አካሉ ይግባ፣ ከዚያ በእንጨት መዶሻ አንድ ጊዜ በቀጥታ ይመታ። የወጣቱ አርበር ላይ ስርጉዱ ራሱ ጉዳት አልነበረውም፤ ችግሩ ከንፈሩ ነው። ያንን ብቻ በመሳያ ድንጋይ አነሳሁለት፤ ዘንጉ ጎብጦ እንደሆነ አንከባልዬ አየሁ፤ ቀጥ ያለ ነበር፣ ተረፈ።

ትራፓኖ ያላችሁ ሁሉ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቁራጭ አንድ ጥንድ ሽብልቅ አሠሩና ማሽኑ ጎን ላይ ስቀሉት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከአንድ የተበላሸ አርበር ይረክሳል።