ሁለቱ አበበዎች፦ አንዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሌላውስ?

«አበበ» ሲባል መጀመሪያ ማን ትዝ አላችሁ? አብዛኛው ሰው ቢቂላን ነው የሚለው፤ ያው በባዶ እግሩ ሮም ላይ የሮጠውን። ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ብትሄዱ ግን ሽማግሌዎቹ ሌላ አበበ ሊያነሱባችሁ ይችላሉ። ራስ አበበ አረጋይን። (ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስም ብቻ አይደለም። ሁለቱም የሸዋ ሰዎች ናቸው። ቢቂላ የተወለደው ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው መንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። መንዲዳ ዛሬ ያለችው በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ነው። አዎ፣ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞንም ሁለት ነው፤ የአንዱ ዋና ከተማ ፍቼ፣ የሌላው ደብረ ብርሃን። ራስ አበበ ደግሞ የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው።

ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ ሲገባ አበበ አረጋይ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ፤ ገና ራስ አልተባሉም። እጅ አልሰጥም ብለው ወደ ሸዋ ገጠር ወጡና አምስቱን ዓመት በዱር በገደል ተዋጉ። መንዝና መርሐቤቴ ከዋና መዋጊያቸው ውስጥ ነበሩ። አገሩ ገደልና ዋሻ የበዛበት ስለሆነ ለታንክም ለመኪናም አይመችም።

ዋጋውን የከፈለው ግን ሕዝቡም ጭምር ነው። ሚያዝያ 1931 ላይ የሳቸው ተከታዮች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ መንዝ ውስጥ ዘረት የሚባል ዋሻ ተጠልለው ሳለ የጣሊያን ጦር በመርዝ ጋዝ አጠቃቸው። ከዋሻው ከወጡት ወንዶች በመቶዎች የሚቆጠሩት ተረሸኑ። ቦታው አመፀኛ ዋሻም ይባላል። ይሄን ታሪክ ስንቶቻችን ነን ትምህርት ቤት የተማርነው?

ከነፃነት በኋላ አበበ አረጋይ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ሁሉም ግን እኩል አይወዳቸውም። በ1936 የቀዳማዊ ወያኔን አመፅ ያከሸፈውን ጦር የመሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ትግራይ ላይ ስማቸው ሲነሳ ስሜቱ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ቢቂላ እንምጣ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ ልክ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የሮምን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። መጨረሻ ላይ ተፎካካሪውን ጥሎት የሄደው የት ጋ መሰላችሁ? ጣሊያን ከአክሱም ወስዶ ሮም ላይ ባቆመው ሐውልት አካባቢ። ያኔ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ይቺን ያዟት።

ሦስት ወር ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953፣ ጃንሆይ ብራዚል እያሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ባለሥልጣናቱን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ አገቷቸው። ነገሩ ሊከሽፍ ሲል ተኮሱባቸው። ከሞቱት አንዱ ራስ አበበ ናቸው። ጣሊያን አምስት ዓመት አሳድዶ ያላገኛቸውን ሰው፣ የገዛ አገራቸው ሰዎች ቤተ መንግሥት ውስጥ ገደሏቸው። ያውም የሌላው አበበ አዛዦች!

ቢቂላ በሙከራው እጁ አልነበረበትም። የክብር ዘበኛ በመሆኑ ብቻ ለአጭር ጊዜ ታስሮ፣ ተጠይቆ ተለቀቀ። በ1957 ደግሞ ቶኪዮ ላይ፣ በዚህኛው በጫማ ሮጦ፣ ወርቁን ደገመው።

ቤተ መንግሥቱ ዛሬም አለ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት ሕንፃ ነው።