ስለ እርጅና ዘመን ስንቅና ስለ አጠባበቁ

ሰው በጉልበቱ ዘመን ያፈራውን ሁሉ በጉልበቱ ዘመን የጨረሰ እንደሆነ፤ ክንዱ በደከመ ጊዜ የልጁን ወይም የጎረቤቱን እጅ ሲመለከት ይኖራል። የመንግሥት ሠራተኛ በ1953 ዓ.ም. በተጀመረው የጡረታ ሕግ፤ በግል ድርጅት ደመወዝ የሚቀበለውም በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የእርጅናው ነገር ታስቦለታል፤ ከደመወዙ ከመቶ 7 ይቀነሳል፤ አሠሪውም ከመቶ 11 ይጨምርለታል፤ 60 ዓመት ሲሞላው አበሉን ይቀበላል። አራሹ ግን ደመወዝ የሚከፍለው ጌታ የለውምና፤ ለራሱ አሠሪም ሠራተኛም ሆኖ ማስቀመጥ ግድ ይሆንበታል። ሕዝብን የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ሰፊ ይዞታ ያላቸው ሰዎች ነገሩን አስቀድመው ተረድተው ለባላገሩ ሊያስረዱት ይገባል።

ባላገር ማስቀመጥ አያውቅም የሚባለው ሐሰት ነው። ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ያለውን ሁሉ ባንድ ዓይነት ሀብት ላይ ያኖራል፤ ለየሀብቱም የየራሱ ጠላት አለው።

ከሁሉ አስቀድሞ ከብትን እንመልከት። ከብት ይወልዳል፤ ወተት ይሰጣል፤ ያርሳል፤ ስለዚህ ባላገር ከብትን ማመኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት ደዌ በገባ ጊዜ ከአገሩ ከብት አብዛኛው እጅ አልቆ፤ ክፉ ቀን ተብሎ የቀረው ረሀብ ተከተለ። ትናንት ባለጠጋ የነበረው በአንድ ክረምት ለማኝ ሆነ። ያ ደዌ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል፤ ድርቅ ግን አልጠፋም። በቦረና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ በተከታታይ ወቅቶች ስለ ቀረ እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። በድርቅ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ነው፤ ሣር ሲጠፋ ሁሉም ባንድ ቀን ከብቱን ወደ ገበያ ይነዳልና የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ በዚያው ቀን የእህል ዋጋ ይወጣል። ከብቱ የከሳበት ሽማግሌ ለአንድ ኩንታል እህል ብዙ ከብት ይሰጣል። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ ሰው ያረጀውንና የማይወልደውን ከብት ዝናቡ ደኅና በሆነበት ዓመት፤ ገና ሥጋ ሳለው ቢሸጥ ይሻለዋል። ይህን ምክር ብዙ ሰው አይወደውም፤ የከብት ብዛት ክብር ነውና።

እህልም እንደ ዓይነቱ ነው። በቆሎና ማሽላ በነቀዝ ቶሎ ይበላሉ፤ በጤፍ ላይ ግን ነቀዝ እምብዛም አይሠለጥንበትም። ለክፉ ዓመት የሚቀመጠው ከጤፍ ወገን ቢሆን ይመረጣል፤ እሱም ጎተራው ከመሬት ከፍ ያለና ደረቅ ሲሆን ነው።

መሬትን በሚመለከት አንድ የማይረሳ ነገር አለ። በቀድሞው ዘመን ባለርስቱ እርጅናውን በሙሉ በጢሰኛው እርቦና ሲሶ ላይ ጥሎ ይኖር ነበር፤ ከዚህ የጸና ሀብት የለም ይባል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ታወጀ፤ ሐምሌ 19 ቀን በዚያው ዓመት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ሌላ ገቢ ያልነበራቸው ሽማግሌዎችና መበለቶች በጥቂት ወራት ውስጥ መተዳደሪያ አጡ። አዋጁ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

ዛሬ መሬት አይሸጥም፤ ባለይዞታው ግን በሕግ በተወሰነው ዘመን ሊያከራይ፤ ለልጆቹም ሊያወርስ ይችላል። ጉልበቱ ያለቀ ገበሬ መሬቱን ለሌላ አራሽ በእኩል ቢሰጥ፤ የዓመት ቀለቡን በዓይነት ያገኛል፤ ገበያ ቢወደድም አይጎዳውም። የብዙ ዓመት ኪራይ ባንድ ጊዜ በገንዘብ የተቀበለ ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ያልቃል፤ መሬቱም በሌላ ሰው እጅ ይቆያል። ብዙ ክርክር የሚነሣው ውሉ በቃል ብቻ ስለሚሆን ነው፤ ምስክሮቹ ከባለመሬቱ ቀድመው ይሞታሉ። ስለዚህ የወረዳ ሹሞች ውሉ ተጽፎ፤ ዘመኑ ተወስኖ በመሬት ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ ማድረግ ይገባቸዋል።

ገንዘብን ከመሬት በታች መቅበር ከጠገራ ብር ዘመን የቆየ ልማድ ነው። ጠገራው ቢያንስ ብር ነበረ፤ ወረቀት ግን እንዲያ አይደለም። በመስከረም ወር 2013 ዓ.ም. የ10፤ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡ የተሰጠው ቀን 3 ወር ብቻ ነበር። ባንክም ቢሆን ከሌባና ከእሳት ያድናል እንጂ ከዋጋ መወደድ ፈጽሞ አያድንም። በ2014 ዓ.ም. የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 7 ሆኖ ሳለ፤ የዕቃ ዋጋ በዓመት ከመቶ 30 በላይ ጨመረ። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር አገኘ፤ ቀድሞ በ100 ብር የሚገዛውን ለመግዛት ግን 130 ብር አስፈለገው፤ እንግዲህ በእጁ ያለው በቀድሞው ዋጋ ሲተመን 82 ብር ያህል ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ለቀለብ፤ ለመድኃኒትና ለድንገተኛ ነገር የሚበቃው በባንክ ይቀመጥ፤ የቀረው ግን በየዓመቱ ፍሬ በሚሰጥ ነገር ላይ ይዋል። ዕቁብም ገንዘብን ይሰበስባል እንጂ አያበዛም፤ ዕድርም ሬሳን ያነሣል እንጂ ሽማግሌን አይቀልብም።

ፍሬ ከሚሰጡት መካከል ለደከመ ሰው የሚስማማው ተክል ነው። ቡና በተተከለ በ3 ወይም በ4 ዓመት ማፍራት ጀምሮ ለብዙ ዘመን ይቆያል። ባሕር ዛፍም ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደገና ይበቅላል፤ ከምንጭና ከእርሻ ዳር ግን ይራቅ፤ ውኃ ይሻማልና። እነዚህን በ60 ዓመት ሳይሆን በ40 ዓመት መትከል ነው።

ይህን ሁሉ ያዘጋጀ ሰው ለሚስቱ ሳይነግር ቢሞት ድካሙ ከንቱ ይሆናል። የባንክ ደብተሩ፤ የይዞታ ማረጋገጫውና የኪራይ ውሉ በአንድ ሣጥን ይሁኑ፤ ውሉ በሚጻፍበት ቀንም ሚስት ቀርባ ትስማ፤ በውሉም ላይ ትፈርም።